ጨርቁ አለ፣ ወረቀቱ የለም፦ ከባሕር ዳር የብላይንድ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መነሻ

ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅ ለክፍሎቹ የመስኮት ብላይንድ ፈለገ። አሁን የሰቀለው ፒቪሲ ፕላስቲክ የተቀባ ሮለር፣ ማለትም ቱቦ ላይ የሚጠቀለል ብላይንድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። ባለቤቷ "ከአገር ጥጥ ሥሪልኝ፤ ግን ኢኮ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይኑረው። አስጎብኚዎቹ እየጠየቁ አስቸገሩኝ" አለችኝ። በዚያው ሰሞን ጀርመን የመጋረጃ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናሙና ላኪልኝ ብላ ደወለች። እሷም ከዋጋ በፊት የጠየቀችኝ "ሰርተፊኬት አለሽ ወይ?" ብላ ነው።

የለኝም። ያለኝ ሽምብጥ ውስጥ የተከራየሁት ወርክሾፕ፣ የስፌት መኪኖችና አብሮኝ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ጋሼም አሉ። ጋሼ የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ እኛ ጋ ይውላሉ።

"ኢኮ" የሚባል ሰርተፊኬት እንደሌለ ቶሎ ገባኝ። ያሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥያቄ ነው የሚመልሱት። ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 ጨርቁ ውስጥ ለጤና ጎጂ ኬሚካል መኖር አለመኖሩን ይለካል። በ1992 እ.ኤ.አ. የጀርመንና የኦስትሪያ የጨርቃጨርቅ ምርምር ተቋማት የጀመሩት ነው። ምርቱን በአራት ምድብ ይከፍላል፤ አንደኛው የሕፃናት፣ ሁለተኛው ቆዳ የሚነካ፣ ሦስተኛው ቆዳ የማይነካ፣ አራተኛው የቤት ማስጌጫ። የእኛ ዕቃ አራተኛው ውስጥ ይገባል። ጥጡ እንዴት እንደበቀለ ግን አይጠይቅም። የታጠበበት ውሃ የት እንደፈሰሰም አይጠይቅም።

ያንን የሚጠይቀው ጎትስ የሚባለው የኦርጋኒክ ጨርቃጨርቅ ስታንዳርድ ነው። ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ ክር ይፈልጋል፤ "ኦርጋኒክ" ብሎ ለመጻፍ ደግሞ 95 በመቶ። ከመዳመጫው እስከ ስፌቱ ያለው እያንዳንዱ እጅ ይመረመራል። የሠራተኛው ሁኔታና የፍሳሹ ውሃ ጭምር። ግሪንጋርድ ሌላ ነው፤ ዕቃውን ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ወደ አየር የሚለቀውን ጋዝ ይለካል። ኮቲንግ፣ ማለትም ቅብ ላለው ሮለር ትርጉም ያለው እሱ ነው። ጂአርኤስ ደግሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ፖሊስተርን ለመሰለ ዳግም ጥቅም ላይ ለዋለ ክር ነው፤ እኛን አይመለከትም።

ለጊዜው ሁለቱን ያዝኩ፤ ስታንዳርድ 100 እና ጎትስ።

ኅዳር፣ ክር

ጎትስ በመጀመሪያው ገበያ ላይ ወደቀ።

ሸማኔያችን እንደ ወጉ ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ፈትል ይሠራል። የእጅ ፈትሉን የምንገዛቸው እናት ቅዳሜ ገበያ ልቃቂታቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ ናቸው። "እማማ፣ ጥጡ ከየት ነው?" አልኳቸው። "ከመተማ ነው ይላሉ። እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ከነጋዴ ነው የማመጣው" አሉኝ። ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። እሱም ከሌላ ነጋዴ ነው የሚያመጣው። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጠሰ።

ያ ጥጥ ምናልባት ጠብታ ፀረ ተባይ አልነካውም ይሆናል። እማማ በእጃቸው ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለውታል። ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ያልነካው ክር የት ይገኛል? ለጎትስ ግን ይሄ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ጎትስ ጥጡ የተረጋገጠ ኦርጋኒክ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከእርሻው ጀምሮ እየተያያዘ እንዲመጣ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ዘረ መሉ የተቀየረ ጥጥ አይቀበልም። አገራችን ደግሞ ቢቲ የሚባለው እንዲህ ያለ ጥጥ እንዲዘራ ከፈቀደች ቆየች፤ በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ "የአገር ጥጥ ነው" የሚለው ብቻ አሁን መልስ አይሆንም። አርባ ምንጭ አካባቢ ኦርጋኒክ ጥጥ ላይ የሠሩ ገበሬዎች አሉ። ከዚያ በኪሎ ለማምጣት መጠየቅ እችላለሁ። ግን የሚፈትለውም የሚሸምነውም ሰው ሰርተፊኬቱ ውስጥ መግባት አለበት። ለእኛ መጠን አይቻልም። ጎትስን ዘጋሁት።

የቀረው ስታንዳርድ 100 ነው። እሱ ጨርቁን ራሱን ይመረምራል። ጥጥ የመሰለ የተፈጥሮ ክር ከሆነ የፀረ ተባይ ቅሪትም ይፈለግበታል። የትውልድ ሐረግ አይቆጥርም።

ቢሆንም የክር መዝገብ ጀመርኩ። ባለ መስመር ደብተር ነው። የተገዛበት ቀን፣ ከማን፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ የትኛው ጨርቅ ላይ እንደዋለ ይጻፍበታል። እያንዳንዱ ግዢ ቁጥር አለው። ሸማኔው የዚያን ቁጥር ምልክት ጨርቁ ጫፍ ላይ በሰማያዊ ክር ይሸምነዋል። ሦስት መስመር ከሆነ ቁጥር ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ሚዛን አስቂኝ ነበር። 12 ኪሎ ክር ገባ። 11.3 ኪሎ ጨርቅና ግማሽ ኪሎ ቁርጥራጭ ወጣ። 200 ግራም የት ገባ? ሸማኔው ፊቱ ጠቆረ፤ የተጠረጠረ መሰለው። ጋሼ ናቸው ያረጋጉት። ጥጥ ውሃ ይይዛል። በጨርቃጨርቅ ንግድ ስሌት ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ እርጥበት ተብሎ ይታሰባል። ክሩን የመዘንነው ማለዳ ጤዛ ሳይነሣ ነው፣ ጨርቁን ደግሞ በደረቅ ከሰዓት። ሁለት በመቶ ብቻ ቢደርቅ ጉድለቱን ይሸፍናል። አሁን ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አሳድረን ጠዋት ነው የምንመዝነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ስፋት

የሸማኔያችን ዕቃ 85 ሳንቲ ስፋት ያወጣል። የሎጁ መስኮት 140 ነው። ሁለት ገጽ ከተጋጠመ መሃል ላይ ስፌት ይመጣል። ሮለር ላይ ስፌቱ በተጠቀለለ ቁጥር እየተደራረበ ቱቦው ላይ ጉብታ ይሠራል፤ ጨርቁም ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በ38 ሚሊ የአልሙኒየም ቱቦ ሞከርን። ጥቂት ጊዜ ወጣ ወረደና ጠርዙ ቱቦውን የሚይዘውን ቅንፍ መፋቅ ጀመረ። የእጅ ፈትል ማግ ወፍራምና ቀጭን እየተፈራረቀ ስለሚመጣ ጠርዙም አንድ ዓይነት አይጠቀለልም።

ሮለሩን ትተን ወደ ሮማን ብላይንድ ዞርን። የሚታጠፍ ነው፤ ከኋላው ዘንጎች አሉት፣ በገመድ ሲሳብ እየተደራረበ ይወጣል። ስፌቱ ዘንጉ ጋ ይደበቃል። ዘንጉን ከእንጅባራ በመጣ ቀርከሃ ሠራነው። ስንጥሩን ጢስ ላይ አቆይተን በብርጭቆ ወረቀት አለዘብነው።

ገመዱ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን እንዳየች "ገመዱ ሕፃን አንገት ላይ ቢጠመጠምስ?" አለች። አውሮፓ ኢኤን 13120 የሚባል የብላይንድ ደህንነት ስታንዳርድ አለ። የሚንጠለጠል ሰንሰለትና ገመድ ልጅ እንዳይደርስበት ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ መያዝ አለበት። ለሎጁ ግድግዳው ላይ መጠምጠሚያ ሠራን። ይሄ ከኢኮ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ምንም። ግን ዕቃውን የሚመልሰው ገዢ በየትኛው ምክንያት እንደሚመልስ አይመርጥም።

ታኅሣሥ፣ ማጠንከሪያ

ይሄ ሮለሩን ሳንተው በፊት የነበረ ሥራ ነው፤ ግን መጻፍ አለበት። ሮለር ጨርቅ ካልጠነከረ ጠርዙ ይጠቀለላል። የመጋረጃ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ በጄሪካን የሚሸጥ ማጠንከሪያ አለው። ነጭ ፈሳሽ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ዓይኔን አቃጠለኝ። ጋሼ ከበሩ ሆነው "ፎርማሊን ነው፣ ክደኚው!" አሉ። ፋብሪካ እያሉ ለማይጨማደድ ጨርቅ የሚጠቀሙበት ሬዚን ይሄ ሽታ ነበረው።

ሻጩን የደህንነት መረጃ ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት። "የምን ወረቀት እህቴ? ሁሉም ሰው ይወስደዋል" አለ። ኦኮ-ቴክስ አራተኛ ምድብ ላይ ፎርማልዴሃይድ (ፎርማሊን ውስጥ ያለው ኬሚካል) በኪሎ እስከ 300 ሚሊግራም ይፈቅዳል። ቆዳ ለሚነካ ጨርቅ 75 ነው። ስለዚህ ምናልባት ያልፍ ይሆናል። ግን ምን እንደሆነ የማላውቀውን ፈሳሽ ማመልከቻው ላይ ምን ብዬ ልጻፈው? ማመልከቻው የተጠቀምሽውን ኬሚካል ሁሉ ዘርዝሪ ይላል።

የበቆሎ ስታርች ሞከርን። ጥሩ ይቆማል፣ ያምራልም። በረሮ ግን ወደደው። ጥግ ላይ ያሳደርነው ቁራጭ በየቦታው ተቆርጥሞ አገኘነው። በክረምት እርጥበት ደግሞ መሻገቱ አይቀርም። ሮማን ብላይንዱ ማጠንከሪያ የማይፈልግ መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ያልገባ ኬሚካል አይመረመርም፣ አይከፈልበትም።

ጥር፣ እጥበት

ከሁሉም የከበደኝና ከሁሉም ያስተማረኝ ሥራ ይሄ ነው።

ሸማኔው ድሩ እንዳይበጠስ ሙቅ ይቀባዋል። ያ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ነፍሳት ይመጣሉ። ጨርቁ ደግሞ ሳይታጠብ ከተሰፋ የመጀመሪያው እጥበት ያሳጥረዋል። 50 ሳንቲ በእርሳስ ምልክት አድርገን አጠብን፤ በድሩ አቅጣጫ 46 ሆኖ ወጣ። ሁለት ሜትር ብላይንድ ላይ 16 ሳንቲ ማለት ነው። መስኮቱ ግማሽ እርቃኑን ይቀራል።

ጋሼ እንደ ፋብሪካው በሶዳ ቀቀሉት። ሙቁ ወጣ፣ ቅባቱ ወጣ፣ ጨርቁ ውሃ እንደ ስፖንጅ መጠጣት ጀመረ። ቀጥሎ ፒኤች፣ ማለትም ጨርቁ ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይ እንደሆነ ለካን። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ግራም ጨርቅ ቆራርጦ 100 ሚሊ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መጨመር፣ ሁለት ሰዓት መነቅነቅ፣ ከዚያ ውሃውን መለካት። የላብራቶሪውም ዘዴ በዋናው እንዲሁ ነው። ንጹሕ ውሃ ያገኘነው ከባትሪ ቤት ነው፤ ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ። ሲገዛ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ።

9.8 አወጣ። አራተኛ ምድብ ከ4.0 እስከ 9.0 ነው የሚቀበለው። በሳሙናና በሶዳ ብቻ፣ አንድም "መርዝ" ሳይነካው፣ ጨርቁ ወደቀ ማለት ነው። ጋሼ ተናደዱ፤ "እኛ ፋብሪካ እያለን በአሲድ እናበርደው ነበር፣ አሁን አሲድ ከየት አምጥቼ!" አሉ። ከወጥ ቤት አመጣሁ። በመጨረሻው እጥበት ውሃ ላይ አቼቶ ጨመርንበት፤ በ20 ሊትር ሩብ ሊትር ግድም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅነው። 7.1። ለአንድ ዙር የሚገባው አቼቶ ሦስት ሜትር ጨርቅ ለሚፈጅ አንድ ብላይንድ ሲካፈል ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም።

ሳሙናውም ጥያቄ አለው። አንዳንድ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ አልኪልፌኖል ኤቶክሲሌት የሚባል ማጽጃ ይኖራል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓሣን ሆርሞን ወደሚያዛባ ነገር ይለወጣል። ኦኮ-ቴክስ ይፈልገዋል። ዝርዝር ያልተጻፈበትን ፈሳሽ ሳሙና ከወርክሾፑ አስወጣን፣ ደረቅ ሳሙና ፈቅፍቀን መጠቀም ጀመርን።

ሸማኔው ታዲያ "በእንዶድ አንሞክረውም ወይ?" አለ። እናቱ ነጠላ የሚያጥቡት በእሱ ነው። ሐሳቡን ወደድኩት። የአገር ነው፣ ተክል ነው፣ ለሎጇ ባለቤት ቢነገራት በደስታ ትሞታለች። ፍሬውን ደቁሰን ዘፈዘፍን። አረፋው ልዩ ነው። ጨርቁ ለሰለሰ፤ ፒኤቹም ያለ አቼቶ ከስምንት በታች ሆነ።

ለመጻፍ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ያዩት ነገር አለ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሰጥቷቸዋል። ለጤና ትልቅ ነገር ነው። ግን እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ ዓሣም ይገድላል። የእኛ የእጥበት ውሃ በቦዩ የሚወርደው ወደ የት ነው? ወደ ሐይቁ። አረፋ በሞላ ባልዲ ቦዩ አፍ ላይ ቆመን ተያየን።

ስታንዳርድ 100 ይሄን በጭራሽ አይጠይቅም። ጨርቁ ያልፋል። ዓሣው የማንም ጉዳይ አይደለም። እኛ ከግቢው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ጠጠርና አሸዋ ሞላንበት፤ አሁን የእጥበቱ ውሃ የሚገባው እዚያ ነው። ለቁፋሮና ለጠጠር 4,500 ብር ወጣ። እንዶዱን ግን ተውነው። ሶዳ፣ ደረቅ ሳሙና፣ አቼቶ። ይሄ ለወሬ አይመችም፤ ለመመዝገብ ግን ይመቻል።

የካቲት፣ ቀለም

ነጭ ብቻ ይሰለቻል አለች የሎጇ ባለቤት። እሺ።

ገበያ ላይ በላስቲክ የሚሸጠው የዱቄት ቀለም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። አዞ የሚባለው የሰው ሠራሽ ቀለም ዓይነት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ የሚከለከሉት ሲበላሹ አሚን የሚባል ካንሰር አምጪ ውህድ የሚለቁት ናቸው። አውሮፓ በኪሎ 30 ሚሊግራም ላይ ገደብ አድርጓል፣ ኦኮ-ቴክስ 20 ላይ። የላስቲኩ ቀለም የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ተውነው።

እርድ፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭና የሻይ ቅጠል ሞከርን፤ ሁሉንም በአሉም፣ ቀለሙን ጨርቁ ላይ በሚያስይዘው ጨው። ቁራጮቹን ካርቶን ላይ ሰፋን፣ ግማሻቸውን በአልሙኒየም ፎይል ሸፈንን፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሰቀልን። ላብራቶሪ ይሄን በሰው ሠራሽ መብራት ይሠራዋል። ከአንድ እስከ ስምንት ደረጃ ካላቸው ሰማያዊ የሱፍ ጨርቆች ጋር እያስተያየ ያነባል። እኛ የባሕር ዳርን ፀሐይ ተጠቀምን፤ 1,800 ሜትር ላይ ያለ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም።

እርዱ በመጀመሪያው ሳምንት አለቀለት። ፎይሉን ስንገልጠው ከሥሩ ያለው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ውጭ የነበረው የታጠበ ማዲያት ሆኗል። ሽንኩርቱ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ ደበዘዘ። ሻዩ ሻይ እንደፈሰሰበት ጠረጴዛ ልብስ ሆነ። ብላይንድ ማለት ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ፊት የሚቆም ጨርቅ ነው፤ ለነጠላ ጥለት የሚሆን ቀለም እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ያልተቀለመ። ልዩነቱን በሽመናው እናመጣዋለን፤ ሳሳ ያለ አንድ፣ ጠበቅ ያለ አንድ። ለባለቤቷ ሁለቱን ብርሃን ፊት ይዤ አሳየኋት። የጠበቀውን ለመኝታ፣ የሳሳውን ለበረንዳ መረጠች።

እግረ መንገድ፦ ደንገልም እምቦጭም ለምን አልሞከርሽም የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሞክረናል። ደንገሉ ያምራል፤ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች አሰራሩን አሳዩን። ግን የሐይቁ ዳር ረግረግ ዓሣ የሚፈለፈልበት ነው፤ ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ነው። ከየት ቦታ፣ ስንት ታጭዶ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ የሚመዘግብ አቅራቢ አላገኘሁም። ያ ሳይኖር ደንገል ሰቅሎ "ኢኮ" ማለት አይመቸኝም። እምቦጭ ደግሞ ዘጠና በመቶ በላዩ ውሃ ነው። አንድ ጭነት ተሸክመህ አንድ እቅፍ ይዘህ ትቀራለህ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ እርጥቡን ከፎገራ ዳርቻ ወደ ከተማ ማጓጓዝ በሽታውን ማጓጓዝ ነው። ያደረቅነውም ሻገተ።

መጋቢት፣ እሳት

የሎጇ ባለቤት አዲስ ጥያቄ ይዛ መጣች። መድን ድርጅቷ መጋረጃው እሳት የሚቋቋም ነው ወይ ብሏታል። ጥጥ ይነዳል፤ የታወቀ ነው። የድሮው ዘዴ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ አሟሙቶ ጨርቁን መንከር ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ሲታጠብ ይወጣል። ነገር ግን ቦሪክ አሲድ በ2010 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከፍተኛ ሥጋት ያላቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የመውለድ አቅምን ይጎዳል በሚል። ኦኮ-ቴክስም የሚቀበለው ራሱ የመረመራቸውን እሳት መከላከያዎች ብቻ ነው።

አንዱን ወረቀት ሳገኝ ሌላውን አጣለሁ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እሳት የሚቋቋም የምትፈልገው ለምግብ አዳራሹ ከሆነ እዚያ የእኛን ጨርቅ አትስቀዪ አልኳት። ለመኝታ ክፍል መድኑ ግዴታ አላደረገውም። አዳራሹን ከሌላ ሰው ገዛች። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ትልቁ ሥራ እሱ ነበር።

ለአዳራሹ ያየችውን የናሙና መጽሐፍ ግን አምጥታ አሳየችኝ። ከውጭ የመጣ ሮለር ጨርቅ ነው፤ የእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ ላይ የኦኮ-ቴክስ ምልክት ታትሟል። ሁሉም ላይ ያው አንድ ቁጥር። እውነተኛ ምልክት የሰርተፊኬት ቁጥርና የመረመረው ተቋም ስም አለው፤ ኦኮ-ቴክስ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ይቻላል። ስልኬ ላይ አስገባሁት። ቁጥሩ አለ። ጊዜው አልፏል። የተሰጠውም ላልተቀባ የፖሊስተር ክር ነው እንጂ ለተቀባ የብላይንድ ጨርቅ አይደለም። ኮቲንጉን ማንም አላየውም ማለት ነው። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። መጋረጃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይሄን ማድረግ ይችላል፤ ኔትወርክ ካለ።

ሚያዝያ፣ ማመልከቻ

ሰርተፊኬቱን መስጠት የሚችሉት 17 አባል ተቋማት ብቻ ናቸው፤ አውሮፓና ጃፓን ያሉ። እዚህ አገር ያስለካሁት ነገር እነሱ ዘንድ አይቆጠርም። ግን ፒኤቹንና ጨርቁ ሲታጠብ ምን ያህል እንደሚያጥር አስቀድሞ እዚሁ ማስለካት ያዋጣል። ናሙናው እዚያ ሄዶ በ9.8 ከሚወድቅ እዚህ ቢወድቅ ይሻላል።

ማመልከቻው የሚፈልገውን ስሞላ አንድ ነገር ገረመኝ። ብላይንዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ይመረመራል። ጨርቁ፣ የስፌት ክሩ፣ ገመዱ፣ ቀለበቱ፣ ቬልክሮው፣ ሌብሉ ሳይቀር። አስቀድሞ ሰርተፊኬት ያለው ዕቃ ከገዛሽ ግን ያ ክፍል ድጋሚ አይመረመርም፣ ወጪውም ይቀንሳል። የፖሊስተር ስፌት ክሩን ሰርተፊኬት ካለው አምራች ገዛን፤ ከተለመደው እጥፍ ዋጋ። ጋሼ ካርቶኑን ገለባብጠው አዩና "ይሄው፣ ክሩ ፓስፖርት አለው፤ ጨርቃችን የቀበሌ መታወቂያ እንኳ የላትም" አሉ።

ከዚያ መቀነስ ጀመርን። የፕላስቲክ ቀለበቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ወጣ። ብረት እንዳንል ኒኬልና ሊድ ይለካል። በራሱ ጨርቅ ትናንሽ ማጋቢያ ሰፋን። ቬልክሮው ወጣ፤ ላዩን ከእንጨት አግዳሚ ጋር በኪስ አያያዝነው። ገመዱን ከዚያው ከጥጥ ክር ገመድን። አሁን ለምርመራ የሚቀርበው ጨርቅ፣ ስፌት ክርና ሌብል ብቻ ነው። የሳሳውና የጠበቀው ጨርቅ አንድ ክር፣ አንድ አጣጠብ ስለሆኑ በአንድ ሰርተፊኬት ሥር ይገባሉ።

ዋጋው? የፈቃድ ክፍያው ለብቻ ነው፣ የላብራቶሪው ለብቻ፣ መላኪያው ለብቻ። ድምሩ በዩሮ አራት አሃዝ ነው። በብር ሲመነዘር የሸማኔውን የብዙ ወር ክፍያ ያክላል፤ ደግሞ በየዓመቱ። ለአንድ ሎጅና ለአንድ የጀርመን ሱቅ አያዋጣም። ከሌሎች ሁለት ወርክሾፖች ጋር ተነጋግረናል። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ለአንድ ድርጅት ስለሆነ መጋራት የሚቻለው ማኅበር ከሆንን ነው። ማኅበር ከሆንን ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት እጥበት መያዝ አለብን። አንደኛዋ ደብተሩን ስታይ "ይሄን ሁሉ ማን ይጽፋል?" ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም፤ ሥራው ዋናው እሱ ነው።

ግንቦት፣ ሌብሉ

የአክስቴ ልጅ አንድ ዜና ላከችልኝ። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው አዲስ የሸማቾች ሕግ ከመስከረም 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል። ልክ በመስቀል ቀን። ከዚያ በኋላ "ኢኮ"፣ "አረንጓዴ"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ" የሚል ደረቅ ቃል ያለ ተጨባጭ ማረጋገጫ ዕቃ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ራስ ሠራሽ የአካባቢ ምልክትም እንዲሁ። "ቅጠል ያለበት ሌብልሽን እንዳታሳትሚ" አለችኝ። ዲዛይኑን አስጨርሼ ነበር፤ 1,800 ብር ከፍዬበታለሁ። ቅጠሉ ያምር ነበር።

አዲሱ ሌብል እንዲህ ይላል፦ "ጨርቁ 100 በመቶ ጥጥ፣ የስፌት ክሩ ፖሊስተር። ያልተቀለመ፣ ማጠንከሪያ ያልተቀባ። ባሕር ዳር በእጅ የተሸመነ። ከመሰፋቱ በፊት የታጠበ። እሳት መከላከያ የለውም። የክር ቁጥር 07።"

የሎጇ ባለቤት ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ኢኮ የሚለውስ?" አለች። ክር ቁጥር 07 ደብተሩ ላይ ማን እንደሸጠው፣ መቼ እንደታጠበ፣ ፒኤቹ ስንት እንደሆነ አለ፤ አስጎብኚሽ ከጠየቀ ገጹን ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት አልኳት። ብዙም አልተዋጠላትም። ብላይንዶቹን ግን ወሰደች፤ ሐይቁን የሚያዩት ክፍሎች ላይ ተሰቅለዋል። አንዱ በግራ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ገመዱን ማሳጠር አለብን።

ለምርመራ የሚሆኑት ሁለት ናሙናዎች ታጥበው፣ ደርቀው፣ ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ታሽገዋል። የማኅበሩ ምዝገባ እስኪያልቅ አይላኩም። ክር ቁጥር 08 ሰኞ ገብቷል፤ ከአዲስ ነጋዴ ነው። ይሄኛው ቢያንስ ደረሰኝ ይሰጣል።